ጆሮ ያላት አላድ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብረ ብርሃን ባንክ ወረቀት ቆጠርሁኝ፣
አንድም ብር አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ «አለሁ» ሳይለኝ።

የድሮ ብር ይጮኻል፤
ጥቁር ድንጋይ መትተው ጆሮ ሲደግኑለት ጠባዩን ያወጣል፤
«ጥሩ ነኝ» ወይም ደግሞ «እርሳስ ነው ሆድ ዕቃዬ» ይላል።

ጡረታዬ ደርሶ፣
ጓደኛዬ ሁሉ በግ ገዛ፣ ገብስ ዘራ፣ አንዱም ጅሩ ሄዶ ሚስት ይዞ መጣ፤
እኔ ላይ ግን ክብና ቀዝቃዛ ፍቅር በስተርጅና እንደ ኩፍኝ ወጣ።

ጠገራውማ ሞልቷል፤
የባዕዷ ንግሥት፣ ደረተ ሙሉዋ፣ ሞታም ትመታለች፣ ዓመቷ ቆሟል፤
በየሙዳዩ ግርጌ ጉንጯ ተፍቆ ተፍቆ አሁንም ይስቃል።

እኔ የምሻው ትንሿን ነው፤ አላዷን፣ የብርን እኩሌታ፣
ጥቂት ተመትታ፣ ጥቂቷም ከጥቂት በየዘመኑ ጠፍታ፤
ዓመቷ ፹፯፣ እግሩን ያነሣ አንበሳ በጀርባዋ፣
ሚዛን ላይ ብትወጣ ዐሥራ አራት ግራም ነው ጠቅላላ ሥጋዋ።

በኪሴ አጉሊ መነጽር፣ በጉያዬ የወርቅ ሚዛን ይዤ ዞርሁ፤
ሞላሌ በረዶ መታኝ፣ መንዲዳ ውሻ ነከሰኝ፣ ጣርማ በር ጉም ውስጥ አደርሁ።
መሐል ሜዳ ላይ ወንዳፍራሽ የሚሉት ነጋዴ በሻሽ ጠቅልሎ አምጥቶ
«የቅድመ አያቴ ናት» አለኝ፣ በአቦ ምሎ፣ ደረቱን መትቶ።
ድንጋይ ላይ መታኋት፤
እንደ ሳርዲን ጣሳ «ቷ» ብላ አጋለጠችው፤ ስለ መሐላው ውበት ስል ግን ገዛኋት።

አንድ የገበያ ቀን፣
ጉልበቴን እየደገፍሁ፣ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ወርጄ፣
ማሾ የምትሰፍር ሙሚና የምትባል ሴት ሳይ፣ መነጽሬ ወደቀ ከእጄ።
አንገቷ ላይ፣ ከቀይ ዶቃ መሐል፣ ያ አንበሳ! ያ አንበሳ!
እሷ ስታጎነብስ የሚያንቀላፋ፣ ቀና ስትል የሚነሣ።

ዓመቷን አነበብሁ፤ እሷው ናት። ግን ጆሮ ወጥቶላታል፤
ከአናቷ ላይ የብር ሽቦ ተጠማዞ ተበይዶባታል።
ሰብሳቢ ይህን ቁስል ይለዋል፤ ዋጋ ይቀንስበታል።

እኔ ግን ሽቦውን አየሁት። ጥምዙ ወደ ግራ ነው።
ወደ ግራ የሚያጠምዝ እጅ በአንኮበር አንድ ነበር፣ አውቀዋለሁ፤
የአያቴ የኅሩይ ነው፤ ወናፉን ስነፋ ከጎኑ አድጌያለሁ።

በቅርጫት ያመጡለት ነበር፤ ጠገራም፣ አላድም፣ ተሙንም፤
በቀን «ጠይብ» ብለው ይሸሹታል፣ ማታ ግን በሩን አይስቱም።
አቀለጠው። መስቀል ሆነ፣ አልቦ ሆነ፣ ወለባ ሆነ፣ ጉትቻ ሆነ፤
ለእኔ ደግሞ ደብተር ሆነ፣ ቁምጣ ሆነ፣ የትምህርት ቤት ምሳ ሆነ።
ጥቂት የተመታችውን ይበልጥ ጥቂት ያደረጋት ያ ከሰል ነው፤
ብሩን ብርቅ ያደረገው፣ እኔንም ሰው ያደረገው፣ አንድ እሳት ነው።
ስፈልግ የባጀሁትን
ለካስ በልቼዋለሁ።

«ስንት ትሰጠኛለህ?» አለች፤
«ፊት የመጣው ሰውዬ ጆሮዋን ቆርጠሽ አምጪ ብሎኝ ነበር።»
«ብሯን አንቺ ያዢያት» አልኋት፣ «ጆሮዋን ብቻ ሽጪልኝ።»
ሳቀች ሙሚና፣ ማሾው ከእንቅቧ እስኪፈስ ድረስ፤
«ያለ ጆሮማ በምን ትንጠልጠል? ኧረ ሰውዬ፣ ባትቀልድስ!»

«እንግዲያው ድምጿን አሰሚኝ።»
ጎንበስ ብላ ከኪሎ ብረቷ ጋር አጋጨቻት።
አጠገባችን አህያ ያናፋ ስለ ነበር
የግማሽ ብሯን ድምፅ ግማሹን ብቻ ሰማሁ።

አንድ ኪሎ ማሾ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።
ሳጥኔን ከፈትሁ፤ ቀይ ከፋይ፤ የ፹፯ ጎድጓዳ እንደ ባዶነቱ ነው።
አንዲት የማሾ ፍሬ ወስጄ
እዚያ አስቀመጥኋት።
ሳጥኑን ባነሣሁ ቁጥር ትንኳኳለች።